በሬ የሌለው እርሻ

ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሥራ ፈት ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ከአዲስ አበባ ከሚመጣው አውሮፕላን የሚወርድ ሁሉ ጉዳይ አለው። አንዱ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውስጥ የውኃ ቧንቧ ሊያይ፣ ሌላው ሥልጠና ሊሰጥ፣ ሦስተኛው ሪፖርት ሊሰበስብ፣ አራተኛው ሪፖርቱ ለምን ዘገየ ብሎ ሊቆጣ ነው የመጣው። የድርጅት ስም የታተመበት ሰደርያ ያልለበሰ ባጅ አንጠልጥሏል፤ ባጅ ያላንጠለጠለ ላፕቶፕ አቅፏል። እኛ ያቀፍነው አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ ነበር።

“ለፊልድ ነው?” አለኝ ሻንጣ ስንጠብቅ አጠገቤ የቆመ ባለ ሰደርያ።

“አይ፣ ከቤተሰብ ጋር ነን።”

ዞር ብሎ አማቴን አያቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል።

“ዘመድ ጥየቃ?”

“እርሻ ልንጎበኝ ነው።”

“የየትኛው ድርጅት ፕሮጀክት?”

“የሻይ እርሻ ነው። ጎሬ አጠገብ፣ ጉማሮ። እንዲሁ ልናየው ነው።”

ሰውዬው ጥቂት አሰበና በሐዘኔታ፣ “አበል የለውማ?” አለኝ።

ነገሩን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። ታናሹ ልጃችን አንድ ቀን ቁርስ ላይ የሻዩን ከረጢት በክሩ ይዞ እያወዛወዘ፣ “ይሄ ክር ዛፉ ላይ እያለ አረንጓዴ ነው?” ብሎ ጠየቀ። እኅቱ፣ “ሞኝ፣ ክሩ እኮ ሥሩ ነው” ብላ አስረዳችው። ባለቤቴ ስኒዋን አስቀምጣ ፍርድ ሰጠች፤ እነዚህ ልጆች እርሻ ማየት አለባቸው። እርሻው ታሪክ ያለው፣ ዛሬም የሚሠራ፣ ሻይም የሚያበቅል እንዲሆን ተወሰነ። ከፋ ውስጥ ውሽውሽ አለ። በዕድሜ ግን ቀዳሚው ኢሉባቦር ውስጥ ያለው ጉማሮ ነው ሲባል፣ ባለቤቴ በዕድሜ ጉዳይ አትደራደርምና ጉማሮ ጸደቀ።

ጎሬ በመኪና የሚኬደው በጅማ፣ በበደሌና በመቱ ነው። የአማቴ ጉልበት ለዚያ ሁሉ ሰዓት ዋስ አልሆን አለ። ስለዚህ እስከ ጋምቤላ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ሽቅብ በኮንትራት መኪና ለመሄድ ተስማማን። ይህ ማለት እርሻውን በሰማይ አልፈን፣ ከእርሻው በታች አርፈን፣ ወደ እርሻው ተመልሰን መውጣት ነው። የሰፈራችን ሰዎች ሲሰሙ ሳቁብን። እኔ ግን ታሪክ ከጎኔ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ጎሬንና የውጭውን ዓለም የሚያገናኘው በር ጋምቤላ ነበር፤ እኛ የዞርን ቢመስልም የገባነው በዋናው በር ነው።

በር ስል ግን የአውሮፕላኑ በር የተከፈተ ዕለት ይታሰበኛል። ወሩ የካቲት ነው። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ከአምስት መቶ ሜትር ብዙም አይበልጥ፤ በበጋ ሙቀቱ አርባ ዲግሪ ሲያልፍ ማንም ጉዳዬ አይልም። አማቴ የደረጃው አናት ላይ ቆም አሉና ወደ ውጭ አየት አድርገው፣ “ምጣዱን ማን ጣደው?” አሉ። ከኋላቸው ያለው ተሳፋሪ ሁሉ በሰደርያው ውስጥ እየቀለጠ መልሱን ይጠብቅ ጀመር።

የያዝነው ሾፌር የድርጅት ሰዎችን ማመላለስ የለመደ ወጣት ነው። ከተማ ገብተን ገና ውኃ ሳንገዛ፣ “ጋሼ፣ ደረሰኙ ላይ ስንት ልጻፍልዎት?” አለኝ።

“የከፈልኩህን ነዋ!”

“እሱማ ይታወቃል” አለና ደግነቴን መጠራጠር ጀመረ። ደረሰኝ የማይፈልግ፣ አበል የሌለው፣ አሮጊት ይዞ የሚዞር ሰው ምን ዓይነት ጉዳይ ቢኖረው ነው?

ልጆቹ አዞ ካላየን አሉና ባሮ ድልድይ ላይ ቆምን። ወንዙ በበጋው ቀጥኖ፣ አሸዋው ወጥቶ፣ ሰው ልብሱን ያጥባል፣ ልጆች ይዋኛሉ። ሾፌሩ ውኃውን ግራ ቀኝ ቃኘና “አዞው ፊልድ ወጥቷል” አላቸው። እኔ ደግሞ አባት ነኝና ወንዝ ዳር ቆሜ ታሪክ ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል፣ ለሱዳን መንግሥት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ በኪራይ ፈቀዱ። ውሉ ጣቢያው ኢታንግ አካባቢ ይሁን፣ በወንዙ ዳርቻ የሚይዘው ርዝመት ከ2,000 ሜትር አይለፍ፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር አይብለጥ፣ ለጦርም ለፖለቲካም አይዋል ይላል። ጣቢያው በመጨረሻ የቆመው እዚሁ ጋምቤላ ሆነ። ከኢሉባቦርና ከወለጋ ቡናው በበቅሎና በሰው ሸክም ይወርዳል፤ ከካርቱም የእንፋሎት ጀልባ ጨውና ጨርቅ ጭኖ ይመጣል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ። ሱዳን ነጻ ስትወጣ፣ በ1948 ዓ.ም.፣ ኪራዩ አበቃ፤ ከዚያም ቦታው ለባለቤቱ ተመለሰ።

“ይህን ሁሉ ጀልባ የሚሸከም ውኃ የታለ?” አሉ አማቴ፣ አሸዋውን እያዩ።

ጥያቄያቸው የንግዱን ሙሉ ችግር በአንድ አፍ ጨረሰው። ቡና የሚለቀመው ከክረምት በኋላ ነው፤ መንገዱም ለበቅሎ የሚመቸው በበጋ ነው። ባሮ ግን ጀልባ የሚያስገባው በክረምት ነው። ስለዚህ ቡናው በበጋ ወርዶ፣ መጋዘን ገብቶ፣ ሰኔ እስኪገባና ወንዙ እስኪሞላ ይቀመጣል። አማቴ ይህን ሲሰሙ የተረዱት ነጋዴዎቹን ሳይሆን ቡናውን ነው። “በዚህ ሙቀት? አሳዘነኝ” አሉ።

ከጋምቤላ ጎሬ መውጣት ማለት ከአምስት መቶ ሜትር ወደ ሁለት ሺህ መውጣት ነው። ሜዳው ያልቃል፤ ዳገቱ በቡሬ በኩል ይጠማዘዛል፤ መስኮቱ መጀመሪያ ለነፋስ ይከፈታል፣ ቀጥሎ በግማሽ ይዘጋል፣ መጨረሻ ላይ አማቴ “ዝጉት!” ይላሉ። ጋምቤላ ላይ ልጆቹ በየተራ ያወለቁትን ልብስ ዳገቱ ላይ በየተራ መልሰው ለበሱት። ባለቤቴ ሹራብ ስትጭን “የአርባ ዲግሪ አገር ሹራብ ይዞ የሚሄድ ማን ነው?” ብዬ ነበር። እሷ ምንም አልመለሰችም። ሹራቡን ስታቀብለኝም ምንም አላለች። ሃያ ዓመት የተጋባ ሰው ይህ ዝምታ ምን ያህል እንደሚናገር ያውቀዋል።

ጎሬ ዝናብ የማይጠግብ አገር ነው። ከተማዋ ዛሬ ጸጥ ብላ ትታያለች እንጂ በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባን ሲይዝ፣ ያልተያዘው የኢትዮጵያ መንግሥት ለጥቂት ወራት የተቀመጠው እሷ ጋ ነው፤ ልዑል ራስ እምሩም ወደዚያ ዘልቀዋል። የእንግሊዝ ቆንስላም ነበረባት። በአካባቢው የሚነገረው የሻይ ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ቆንስላ ነው፤ በ1920 ዓ.ም. ገደማ ከህንድ የመጣ ዘር እዚህ ተተከለ ይባላል። እንግሊዝ ቡናችንን ሊወስድ መጥቶ ሻዩን ጥሎልን መሄዱ፣ ከተደረጉት ልውውጦች ሁሉ የተሻለው ይመስለኛል።

ጉማሮ ስንደርስ በወዳጅ በኩል ፈቃድ ያስገኘልን የእርሻው ሰው ተቀበለን። ሻዩ ኮረብታውን ሁሉ አልብሶታል፤ አናቱ በሙሉ እኩል ተቆርጦ እስከ ወገብ የሚደርስ ነው። ታናሹ ልጄ ሮጦ ሄዶ የመጀመሪያውን ቁጥቋጦ ከላይ፣ ከሥርና ከጎን መረመረ። “ክር የለውም” አለ ተመልሶ፣ በሐዘን።

አማቴ ደግሞ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ቆሙ። ምንጃር ተወልደው፣ ጤፍና ሽምብራ ሲያርሙ ያደጉ ሴት ናቸው። እርሻ ምን እንደሚመስል ማንም አያስተምራቸውም።

“በሬው የት ነው?” አሉ።

“በሬ የለንም፣ እማማ።”

“በምን ታርሳላችሁ ታዲያ?”

“አይታረስም። አንዴ ከተተከለ ሃምሳ፣ ስልሳ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይቆያል።”

“መቼ ነው የሚታጨደው?”

“በየሳምንቱ፣ በየሁለት ሳምንቱ ይለቀማል። ዓመቱን ሙሉ።”

“ዓመቱን ሙሉ! መቼ ታርፉ?”

ሰውዬው ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት የጠየቀው ጎብኚ ያለ አይመስልም። ጉሮሮውን ጠረገና “በተራ” አለ።

“ፍሬውስ?”

“ፍሬ እንዲያፈራ አንፈልግም። የምንፈልገው ለጋውን ቅጠል ነው። ከተተወ አድጎ ዛፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ይገረዛል።”

አማቴ ቁጥቋጦውን በእጃቸው ዳሰሱት። “አንተ ምስኪን፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ ልጅ!” አሉት። የእርሻው ሰው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ምን እንደጻፈ አላየሁም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን ማብራሪያውን ለእኔ መስጠት ትቶ ለእሳቸው ሆነ።

ለቃሚዎቹ በመስመሩ መካከል እየሄዱ፣ ቅርጫታቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ በሁለት እጃቸው ይለቅማሉ። አንዷ እናት እኛን አየችና ቀና ብላ በአማርኛ ሰላም አለችን።

“ከየት ነው የመጣችሁት፣ እናቴ?” አለቻቸው አማቴን።

“ከአዲስ አበባ።”

“ምን ልትሠሩ?”

“ልናይ።”

“ምን?”

“እናንተን” አሉ አማቴ፣ መዋሸት አይወዱምና።

ሴትዮዋ ሳቀች። ዞራ ለጓደኞቿ በኦሮምኛ ነገረቻቸው፤ ሳቁ በመስመሩ ሁሉ ተላልፎ ኮረብታው ማዶ ደረሰ። የታዩት እኛ የሆንነው ከዚያ በኋላ ነው። የባለቤቴን ጥቁር መነጽር አዩት። የእኔን ነጭ ጫማ አዩት፤ ስለ ጫማው የተባለውን ማንም አልተረጎመልኝም። ልጆቼ የቆሙበት ቦታ ገና ያልተለቀመ ስለነበረ በትሕትና ፈቀቅ ተደረጉ፤ ፈቀቅ ያሉበትም ያልተለቀመ ሆነና እንደገና ፈቀቅ ተደረጉ። ኬንያ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1903 የአገሪቱ የመጀመሪያ ሻይ በተተከለበት በሊሙሩ፣ ጎብኚን ምሳ አብልቶ ታሪክ ነግሮ የሚሸኝ እርሻ አለ። ጉማሮ ላይ ግን ለተመልካች የተዘጋጀ ወንበር የለም። ዛሬም የሚሠራ እርሻ ይሁን ብለን የጠየቅነው እኛ ነን፤ ቆሞ የሚያይ ሰው ሥራ ላይ ካለ ሰው መካከል ምን እንደሚመስል ግን አላሰብንበትም ነበር።

አማቴ አሰቡበት። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሠሩና ከሴትዮዋ ጎን ገቡ። መጀመሪያ እጃቸው ጎመን እንደለመደው ሰፋፊውን ቅጠል ያዘ። ሴትዮዋ እጃቸውን ይዛ መለሰችው። የሚፈለገው ገና ያልተፈታው እምቡጥና ከሥሩ ያሉት ሁለት ለጋ ቅጠሎች ናቸው። በጥፍር አይቆረጥም፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ተይዞ ሸብረክ ሲደረግ ራሱ ቀጭ ይላል። መዳፍ ውስጥ ሲበዛ ወደ ኋላ ወደ ቅርጫቱ ይወረወራል። ካልታፈነና ካልተጨመቀ ነው ደህና ሻይ የሚሆነው፤ መዳፍ ውስጥ የቆየ ቅጠል ሞቆ ይበላሻል። አማቴ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀጭ ቀጭ እያደረጉ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ በርበሬ ዋጋ እያወሩ መስመሩን ይዘው ሄዱ። እኛን ረሱን።

ሲመዘን የእሳቸው ግማሽ ኪሎ ገደማ ሆነ። ሴትዮዋ በዚያው ጊዜ የለቀመችውን አልናገርም፤ አማቴ ይህን ጽሑፍ ያነቡታል። የእርሻው ሰው ከአራት እስከ አምስት ኪሎ እርጥብ ቅጠል አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ እንደሚወጣው አስረዳ። ሒሳብ የምትወደው ልጄ ወዲያው አሰላችው፦ ግማሹ ኪሎ ቅጠል መቶ ግራም ሻይ ነው፤ አንዷ ከረጢት ሁለት ግራም ገደማ ትይዛለች፤ ስለዚህ ሃምሳ ከረጢት ነው። “አባዬ በቀን አራት ስለሚጠጣ ሁለት ሳምንት አያደርሰውም” አለች።

አማቴ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና አዩኝ። “ከነገ ጀምሮ ውኃ ጠጣ” አሉኝ።

ፋብሪካው ውስጥ ልጆቹ ተደሰቱ፤ ድምፅ አለው፣ ይሸታል። ቅጠሉ መጀመሪያ ረጅም አልጋ ላይ ተሰጥቶ ከሥሩ ነፋስ ይለቀቅበትና ይጠወልጋል። ከዚያ ማሽን ይቆራርጠዋል፣ ያሸዋል። ቀጥሎ ዝም ተብሎ ይቀመጣል፤ አየር ሲያገኘው አረንጓዴው ዓይናችን እያየ ወደ መዳብ ቀለም ይዞራል፤ ሽታውም ከሣር ሽታነት ወደ ሻይ ሽታነት ይለወጣል። ይህችን ሰዓት በትክክል ማወቅ ነው የባለሙያው ሥራ፤ ቸኩሎ ያደረቀው ሣር ሣር ይላል፣ የዘገየ ጣዕሙን ያጣል። በመጨረሻ በሙቀት ይደርቅና በወንፊት በየዓይነቱ ይለያል፤ ደቃቁ ነው ከረጢት የሚገባው።

“ክሩ የሚታሰረው የት ነው?” አለ ታናሹ፣ ተስፋ ሳይቆርጥ።

“እሱማ አዲስ አበባ ነው፤ የሚታሸገው እዚያ ነው።”

ልጄ አየኝ። “ታዲያ እዚህ ለምን መጣን?”

መልስ ሳላዘጋጅ አማቴ አዳኑኝ፤ ሴትዮዋ ቤቷ ጠርታቸዋለች፣ እኛም ተከትለን እንድንገባ ተፈቅዷል። ግቢዋ ከእርሻው አጠገብ ነው፤ ከጓሮው ቡና፣ ከቡናው በላይ ጥላ ዛፍ። ጎዝጉዛ፣ ከሰል አቀጣጥላ፣ ቡናውን አጥባ ትቆላ ጀመር። ባለቤቴ ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው ለሻይ ነውና በይሉኝታ እየተሽኮረመመች፣ “ሻይ ቢሆንስ? አታስቸግሪ” አለቻት።

ሴትዮዋ መቁያውን እያወዛወዘች ሳቀች። “እኅቴ፣ ቀኑን ሙሉ ሻይ ስለቅም ውዬ ማታ ደግሞ ሻይ?”

አቦል ጠጣን፣ ቶና ጠጣን፣ በረካውንም አልማርነው። ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ በጋምቤላ ተጠብሰን፣ ከአገሪቱ ቀዳሚ የሻይ እርሻ መሃል ተቀምጠን የቀመስነው ሻይ የለም። ከዚያ ወዲህ ኢሉባቦር ሻይ ለገበያ፣ ቡና ለራሱ እንደሚያበቅል አልጠራጠርም። አማቴ ስኒያቸውን ሲመልሱ መረቁ፤ “በሬ ባይኖራችሁም በረከት አይለያችሁ” አሉ። ሴትዮዋ እጃቸውን ስማ፣ “ሲመቸዎት ይምጡ፤ መስመርዎ አለ” አለቻቸው። ለእኔና ለባለቤቴ ደህና ግቡ ተባልን፤ መስመር ግን አልተሰጠንም።

በማግስቱ ለመታሰቢያ የሚሆን ሻይ ጎሬ ካለ ሱቅ ገዛሁ። ማሸጊያውን ሳነበው የታሸገው አዲስ አበባ ነው። ቅጠሉ ከዚህ ተለቅሞ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ታሽጎ፣ ተመልሶ ጎሬ ሱቅ ገብቶ፣ አሁን በእኔ ሻንጣ በጋምቤላ በኩል እንደገና አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፍተሻው ሻንጣዬን አስከፈተኝ። የሌላው ሰው ሻንጣ ማንጎና ማር ነው። ፈታሿ የሻዩን ካርቶን አንሥታ ገለበጠችው፣ አነበበችው፣ ከዚያ እኔን አነበበችኝ። “ጋሼ፣ ይሄ ቦሌ የለም?” አለችኝ። ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ሰሙ። አለ ብል ሞኝ ልባል ነው፣ የለም ብል ውሸታም። “ይሄኛው ከእርሻው ነው” አልኩ፣ ከፊል እውነቱን። አማቴ ወዲያው፣ “እኔ የለቀምኩት ሊሆን ይችላል” ብለው ነገሩን አረጋጉት። ፈታሿ እጃቸውን አየች፤ ጣታቸው ላይ የቅጠሉ ጥቁረት ገና አልለቀቀም። ካርቶኑን በክብር መለሰችልኝ።

ቤት ከገባን በኋላ ልዩነቱ እየጎላ መጣ። እኔና ባለቤቴ ለእንግዳ ፎቶ እያሳየን “ጉማሮን አየን” እንላለን፤ ጨዋታው በሁለት ደቂቃ ያልቃል። አማቴ ማኅበር ላይ “እኛ ስንለቅም” ብለው ይጀምራሉ፤ ጠበሉ ሳያልቅ አያቆሙም። ስለ ቅርጫቱ ማንገቻ፣ ስለ ጠዋቱ ጤዛ፣ በዝናብ ስለሚለቀመው ቅጠል ያወራሉ። ዝናብ ያልዘነበብን መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም። ያንን እርሻ ከእኛ መካከል ያየው ሰው አንድ ነው፤ እሱም ጎንበስ ያለው።

ትምህርት ሲከፈት ታናሹ ልጄ ስለ ዕረፍቱ ጽሑፍ ጻፈ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር “የሻይ እርሻ ማለት ሰዎች ሻይ እየለቀሙ ቡና የሚጠጡበት ቦታ ነው” ይላል። መምህሯ በቀይ አስምራ ኤክስ አድርጋበታለች። ባለቤቴ ልታርመው እስክሪብቶ አነሣች። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ አነበቡትና ደብተሩን መለሱ።

“መምህሯን እርሻው ጋ ውሰዷት” አሉ።